ጸጥታው የሬዲዮው ነበር

ኮልፌ፣ አጠና ተራ
ሐምሌ 11 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የሰሜን ብርድ፣ ጉልበትህ፣ ያ ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሳብህ ጥርስህስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ አልፎ አልፎ ወገቧን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ጤነኛ ነው። ጣራው አንተ ክፍል ላይ ያፈሳል፤ አልጋህን ወደ ግድግዳው አስጠግተን ባልዲ አስቀምጠንበታል። ጊታርህ አልረጠበም፣ አትስጋ። ይህን ደብዳቤ ካንተ በፊት ሌላ ሰው ከፍቶ ቢያነበው እሱንም እግዜር ይባርከው፤ ጉዳዩ የቤተሰብ ስለሆነ ግን አንብቦ ቶሎ ይልቀቀው።

ወንድምዓለም፣ ሽማግሌ ተልኮብናል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋሽ መገርሳ፣ አቶ ጥሩሰውና አለቃዬ ጀላል ጫማቸው ጭቃ ለብሶ መጡና፣ እንደ ወጉ ካልተፈቀደልን አንቀመጥም ብለው በራፉ ላይ ቆሙ። እማዬ አስቀመጠቻቸውና የማን ወገን ናችሁ ብላ ጠየቀች። የወንድይፍራው ነን አሉ። ያንተው ወንድይፍራው፣ ድራም መቺው። እዚህ ስትደርስ ደብዳቤውን አጥፈህ ኪስህ ልትከት እንደሆነ አውቃለሁ። ተው፣ እስከ መጨረሻው አንብበኝ።

እማዬ ሰምታ ሰምታ፣ ይህ ቤት አባወራ አለው፣ አባወራው ግዳጅ ላይ ነው፣ ልጄ እሺ ሳይል እኔ እሺም እምቢም የምልበት አፍ የለኝም ብላ ሸኘቻቸው። እንግዲህ አባወራ ሆነሃል፣ እንኳን ደስ ያለህ። አንተ እምቢ ካልክ እሷም እምቢ ትላለች። እሷ እምቢ ካለች እኔ ምን እንደምሆን አላውቅም። እወደዋለሁ። ይኸው ጻፍኩት፤ ፊትህን እያየሁ ቢሆን ኖሮ አልወጣኝም ነበር።

ግን ሽማግሌዎቹ የመጡት በእሑዱ ይሁን እንጂ ነገሩ ሁሉ የሆነው በዋዜማው ቅዳሜ ነው። ያቺን ቅዳሜ ልንገርህ።

ዓርብ ዕለት ወንድይፍራው ወደ ጀላል ልብስ ስፌት ቤት መጥቶ፣ ነገ ፈረንጆቹ ለእኛ አገር ረሃብ ሊዘፍኑ ነው፣ ለንደን አንድ ስታዲየም፣ አሜሪካ ሌላ ስታዲየም፣ በአንድ ቀን፣ ዓለም ሁሉ ይሰማዋል አለን። ጀላል ሥራ ሲሆን እንጂ ወሬ ሲሆን አይሰንፍም። ያንን ትልቁን ሬዲዮውን ከቤቱ አምጥቶ፣ የመዳብ ሽቦውን በረጅም አጠና ላይ ሰቀለው። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጣቢያውን እንዳገኘን ዝናቡ መጣ። የኮልፌን ዝናብ ከቆርቆሮ ሥር ሆነህ ታውቀዋለህ፤ እንኳን የለንደን ሰው አጠገብህ ያለውም አይሰማህም። ጀላል ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሬዲዮውን ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር አስገባና ለቀበሌው የምንሰፋውን የካኪ ጣቃ በሙሉ እላዩ ላይ አለበሰው። እኛም ገባንበት። ጀላል፣ ሚስቱ ፋሪዳ፣ ወንድይፍራው፣ እኔ። እማዬ በዝናብ እንዳልመጣ ብላ ዣንጥላ ይዛልኝ ስትመጣ ሱቁ ባዶ ሆኖባት ደንግጣ ነበር፤ ፋሪዳ ቀሚሷን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተቻት።

ወንድምዓለም፣ እዚያ ጨለማ ውስጥ፣ አዲስ ጨርቅ እየሸተተን፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ዓለምን ሰማን። ስታዲየሙ ሲያጨበጭብና ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ መለየት አቃተኝ። አንዳንዴ ለእኛ ጣራ ያጨበጨቡ ይመስለኝ ነበር፣ አንዳንዴ ለንደን ላይ የእኛ ዝናብ የሚዘንብ። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ፤ አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት ለካ ለዚህ ኖሯል። እማዬ በመጀመሪያ ተቆጣች። በሰው ሞት ይዘፈናል እንዴ አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ ለነገሩ ሙሾስ ዜማ አይደል፣ ይዝፈኑ፣ እህሉን ብቻ ቶሎ ይላኩ አለች። አንዱ ዘፋኝ ለንደን ተጫውቶ፣ በዚያ ከድምፅ በሚፈጥነው አውሮፕላን ባሕር ተሻግሮ፣ በዚያው ቀን አሜሪካም ሊጫወት ነው ብዬ ስተረጉም ጀላል አላመነኝም። ከኮልፌ አስኮ ለመድረስ ግማሽ ቀን ፌርማታ ላይ የምንቆም ሰዎች እንዴት እንመን? አንተስ ያለህበት ሬዲዮ ነበር? ሞገዱ ወደኛ ሲመጣ በተራራህ ላይ አልፎ ይሆናል እያልኩ ሳስብ ነበር።

ከዚያ እንደ ልማዱ ድምፁ መሸሽ ጀመረ። አንድ ባንድ ሞቅ አድርጎ እየተጫወተ ሳለ ራቀ፣ ራቀ፣ ጠፋ። ጀላል ቁልፉን ሊነካ ሲል ወንድይፍራው እጁን ያዘው። ጠረጴዛውን ከሥር በጣቱ እየመታ ምቱን ቀጠለ። ሁላችንም እሱን ሰማን። ድምፁ ሲመለስ ልክ እሱ ያለበት ምት ላይ መጥቶ አረፈ። ፋሪዳ እልል አለች። እኔ ግን አንተን አየሁህ፤ ሁለታችሁ የፈረንጅ ዘፈን በሬዲዮ ስታጠኑ እንዲህ ነበር የምታደርጉት። አንተ ዜማውን ትይዛለህ፣ ድምፁ ሲሸሽ እሱ ምቱን ይጠብቃል፣ ሲመለስ ትገናኛላችሁ።

ያቺ አንዷ ዘፈን ግን አታለለቻችሁ። መሐሏ ላይ ድምፁ ቀስ ብሎ ሳይሆን ድንገት ጠፍቶ ድንገት ሲመለስ፣ ዘፈኑ እዚያ ጋ ጸጥ ይላል ብላችሁ አጠናችሁት። በቀበሌው ኪነት መድረክ ላይም እንደዚያው ተጫወታችሁት። የአብዮቱ መዝሙሮች ሁሉ ካለቁ በኋላ፣ ሊቀመንበሩ አንድ ብቻ ብሎ የሚፈቅድላችሁ ያ ዘፈን ነበር። ጸጥታው ሲመጣ አዳራሹ ሙሉ ትንፋሹን ይይዛል፤ ስትመለሱ ሰዉ ጣራውን ይነቅለዋል። ኋላ አንተ ሸክላውን አግኝተህ ስትሰማው ለካ ጸጥታ የሚባል ነገር የለውም። አንተ ስህተት አልጫወትም አልክ። እሱ ደግሞ ሕዝቡ የሚያውቀው ይህንን ነው፣ የእኛ ዘፈን ይህ ነው አለ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ባንድ ውስጥ አልተጫወተም መሰለኝ። በአብዮቱ በዓል ዕለት ማንም ለማንም ሳይለቅ መድረክ ወጣችሁ፤ ድራሙ ቆመ፣ አንተ ብቻህን ቀጠልክ፣ ሰዉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነፈግከው። ዘመቻ የሄድክ ጠዋትም የዘረጋልህን እጅ ሳትጨብጥ መኪናው ላይ ወጣህ። እግሩ ደህና ቢሆን ኖሮ እሱም አብሮህ በሄደ ነበር፤ ይህን አንተም ታውቃለህ።

ታዲያ ያን ቅዳሜ የሬዲዮው ሰውዬ፣ ከዓመታት በፊት ተጣልተው የተበተኑ ልጆች ለዚህ ረሃብ ሲሉ ታርቀው ዛሬ አብረው መድረክ ወጥተዋል አለ። ተረጎምኩት። ወንድይፍራው ጣቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። ጨለማ ስለሆነ ፊቱን አላየሁትም፤ አተነፋፈሱን ግን ሰማሁት።

ዝናቡ ሲያባራ ሸኘን። እማዬ ሆን ብላ ወደፊት ቀደመች። ለወንድምሽ ጻፊለት አለኝ። ልክ የነበረው እሱ ነው፣ ጸጥታው የሬዲዮው እንጂ የዘፈኑ አልነበረም፣ ይህን ያን ጊዜም አውቅ ነበር በይልኝ አለ። ታዲያ እያወቅክ ለምን ድርቅ አልክ ብለው ጭቃውን እያየ ሳቀ። በዚያች ጸጥታ እጄ ሥራ ይፈታል፣ ወንድምሽ ዓይኑን ጨፍኖ ቀጣዩን ያስባል፣ እኔ ደግሞ ያኔ አንቺን የማይበት ጊዜ ከዚያ ሌላ አልነበረኝም አለኝ። ሳትነግሩኝ ሁለት ወንዶች በእኔ ተጣልታችሁ ኖራችኋል ማለት ነው። ተናደድኩ፣ ደግሞ ደስ አለኝ፣ እቤት እስክደርስ እግሬ መሬት መንካቱን እጠራጠራለሁ። በማግስቱ ሽማግሌ ላከ።

እንግዲህ ልጁ ጥፋቱን አምኗል። አንተም በእጅህ ያለችውን አንድ ቃል ላክልኝ። ደብዳቤ የሚዘገይ ከሆነ በቴሌግራም ይሁን፤ እሺ ሁለት ፊደል ናት። ፍልሰታ ሲፈታ እንድንጋባ ነው ሐሳባችን። ጥር እያለ በጭቃ፣ በዶፍ፣ ማን ይዳራል ትል ይሆናል። እማዬም ይህንኑ ትጠይቀኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አልጠየቀችም። ሰሞኑን እንደውም ከቦኖ ውኃ አትቅጂ ብላ እንስራውን ከጀርባዬ ላይ ወስዳብኛለች፣ የራሷን ወተት ለእኔ ትገለብጣለች። ጀላልም ሳልነግረው ሁለት ቀሚሶቼን ከወገባቸው አስፍቶ፣ ለሥራ ይመቹሻል ብሎ ሰጠኝ። የአካባቢው ሰው ሁሉ ደግ ሆኖብኛል፣ ወንድምዓለም፤ ደግነታቸው ያሳፍረኛል።

ጋሽ መገርሳ፣ አቶ ጥሩሰው፣ ፋሪዳና ጀላል በጣም ሰላም ብለውሃል። እሱም ሰላም ብሎሃል፤ ስሙን ደግሜ አልጻፍኩትም፣ ካስቀየምኩህ ብዬ። ኪዳነ ምሕረት በወጣህበት በገባህበት ትጠብቅህ፤ ከጥይትም ከብርድም ትሰውርህ፤ ለእናትህ ዓይን ታብቃህ። እማዬ አጠገቤ ጥጥ እየፈተለች ነው፤ አንድ ነገር ጨምሪልኝ፣ እኔ እንዳልኩት ቃል በቃል ጻፊ ብላኛለች፦ ልጄ፣ ድግሱ ትንሽ ይሁን ግድ የለም፤ ጥር ግን ሩቅ ነው። ይህን ስጽፍ ቀና ብዬ አላየኋትም።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ