በኖራ ቁጥር ስለጻፍኩባቸው አርባ አንድ በሮች

ለክቡር ባላምባራስ ወልደአረጋይ፣
የከተማችን ሹም፤

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና ይሁን እያልኩ፣ ከመላው ቤተሰብዎና ከአዲሱ የቆርቆሮ ጣሪያዎ ጋር እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ብርዱ እየቆነጠጠኝም ቢሆን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ጸሐፊዎ ፖስታዬን ሦስት ጊዜ ስለመለሱልኝ ይህን ደብዳቤ በገበያው መግቢያ ለጥፌዋለሁ።

እንደሚያውቁት በከተማችን ማን የት እንደሚኖር፣ ለምንስ እዚያ እንደሰፈረ እየመረመርኩ ስጽፍ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እኔ ታሪክ እለዋለሁ፤ ባለቤቴ ሥራ መፍታት ትለዋለች። ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ጥቃቅን ቅሬታዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ባለፈው ጥቅምት ጥናቴን ሳስረክብዎ ለታች ሰፈር የውሃ ቧንቧ ያስገቡ ይሆናል ብዬ ነበር። ክቡርነትዎ ግን ሁለት መቶውን ገጽ ትተው ካርታውን ብቻ በማየት ዓይንዎን ከድካም አድነዋል። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚያልፉ እንግዶች የሸማኔና የሸክላ ሠሪ ጎጆ እንዳያዩ፣ የሰፈሩ አርባ አንዱም ቤት በመጪው ቅዳሜ ጠዋት እንዲፈርስ አዘዋል።

፪ኛ/ ለቆጠራ እንዲመቸኝ በየበሩ በኖራ የጻፍኩትን ቁጥር ሠራተኞችዎ የማፍረሻ ምልክት አድርገውታል። ሸክላ ሠሪዋ ወይዘሮ አልታየች ቁጥር አሥራ ሰባት ናቸው። በራቸው ላይ ስጽፍ ደግ ነገር ሊመጣልን ነው ብለው ጠላ ቀዱልኝ፤ ቁጥሩ እንዳይለቅም ክረምቱን ሙሉ ዝናብ በመጣ ቁጥር በሩን በአጎዛ ሲሸፍኑ ከረሙ። ዛሬ ፊታቸውን ማየት አፍራለሁ። እርስዎ እንዲህ ካለው ሕመም ነጻ ስለሆኑ እንኳን ደስ ያለዎ!

፫ኛ/ እነዚህን ሰዎች ቡዳ ናቸው ብለው ከላይ ወደ ታች ያወረዷቸው አባትዎ ነበሩ፤ ልጃቸው ከታችም ሲያስነሱ የአባትን ሥራ ከዳር ማድረስ ነውና ያስመሰግናል። ቢሆንም የቤትዎ ወጥ የሚሠራበት ድስት የወይዘሮ አልታየች እጅ ሥራ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከድስታቸው በልተው ምንም ያልሆኑ ሰው ለመንገደኛ እንግዳ ዓይን ይህን ያህል መጨነቅዎ ገርሞኛል።

ስለዚህ ትእዛዙ ይነሣ ዘንድ እለምናለሁ።

የክቡርነትዎን ጥላ ከሩቅ እያየሁ እጅ የምነሣ፣ ቧንቧ ጠይቄ አፍራሽ የተላከልኝ ታዛዥዎ፣
ዘርአ ዳዊት ይሁኔ
ግንቦት ፲ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ የመጽሐፌ የመጨረሻ ምዕራፍ ስለ ክቡርነትዎ ነው። እስካሁን የጻፍኩት በእርሳስ ነው፤ በቀለም የምጽፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው።