ፊርማ የከለከሉት ኢንጂነር ዘርፈሽ ካሣ (1964–2018 ዓ.ም.)

ኢንጂነር ዘርፈሽ ካሣ ከአባታቸው ከምድር ባቡሩ መካኒክ ከአቶ ካሣ ደበሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሚራ ዩሱፍ ጥቅምት 12 ቀን 1964 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ከዚራ ሰፈር ተወለዱ። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እዚሁ ተምረው በ1987 ዓ.ም. በኬሚካል ምህንድስና ተመረቁ። በ1993 ዓ.ም. ከአቶ መሃድ ዐሊ ጋር ትዳር መሥርተው ሙኒያንና ኑርሀንን ወልደዋል።

አዲስ አበባ በመድኃኒት ፋብሪካ አሥራ ስድስት ዓመት ከሠሩ በኋላ ወደ ተወለዱባት ከተማ ተመልሰው በአንድ የግሉኮስ ፋብሪካ ሲኒየር ፕሮሰስ ኢንጂነር ሆኑ። ሥራቸው በሰው ደም ሥር የሚገባው ፈሳሽ አንዲት ጀርም እንኳ ሳይዝ እንዲወጣ ማድረግ ነበር። እሳቸው ያልፈረሙበት ከረጢት የፋብሪካውን በር አያልፍም።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ከተማው በትኩሳት ወረርሽኝ ተያዘ፤ ሆስፒታሉም ግሉኮስ ጨረሰ። ታናሽ ወንድማቸው አቶ ይሳቅ ከተኙት አንዱ ነበሩ። ፋብሪካው ውስጥ ስድስት ሺህ ከረጢት የአሥራ አራት ቀን ምርመራውን አልፎ የእሳቸውን ፊርማ ብቻ ይጠብቃል። መኪናው ሞተሩን አስነስቶ በር ላይ ቆሟል። ኢንጂነር ዘርፈሽ ወረቀቱን ሲያገላብጡ ዐይናቸው የማምከኛው ማሽን የሙቀት መዝገብ ላይ ቀረ። መብራት ተቆራርጦ ሙቀቱ ለአራት ደቂቃ ወርዷል። የማሽኑ ሠራተኛ ዐብዲሻኩርም ወጥ እንደሚያበስል ሰው የጎደለውን አራት ደቂቃ መጨረሻው ላይ ጨምሮበታል። ደንቡ ግን ቆጠራው ከዜሮ ይጀመር ይላል።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ሹክሪ፣ “ዘርፌ፣ ምርመራው ንጹሕ ነው ብሏል እኮ። ወንድምሽም እዚያ ተኝቷል” አሏቸው።

“ምርመራው ያየው ሃያ ከረጢት ነው። የቀረውን ማን አየው?”

“እንደገና ይቀቀልና ፈርሚ።”

“ሁለቴ ከተቀቀለማ ስኳሩ ይበላሻል።”

አልፈረሙም። ዐብዲሻኩር ከሥራ እባረራለሁ ብሎ ሲሰጋ፣ “መመሪያውን ግልጽ አድርጌ አልጻፍኩም” ብለው ጥፋቱን በራሳቸው ስም አስመዘገቡ። ከዚያ በሚኒባስ ሐረር ወጥተው ፋርማሲ ለፋርማሲ ሲዞሩ ዋሉና አራት ከረጢት ይዘው ተመለሱ። አቶ ይሳቅ ዐይናቸውን የገለጡት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። የሆነውን ሲሰሙ ግን ክፉኛ አኮረፉ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ እህታቸው ቤት አልረገጡም።

ከተወገደው ስድስት ሺህ ውስጥ አንድ እንኳ የተበከለ ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እሳቸውም አላወቁም።

ኢንጂነር ዘርፈሽ በ2017 ዓ.ም. በጉበት ሕመም አልጋ ላይ ሲውሉ አቶ ይሳቅ መጡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ “እትዬ፣ ያኔ ሞቼ ቢሆንስ?” ብለው ጠየቁ።

“አልቅሼ እቀብርህ ነበር እንጂ አልፈርምም ነበር” አሉ ኢንጂነር ዘርፈሽ።

አቶ ይሳቅም ተነሥተው የእህታቸውን ትራስ አስተካከሉላቸው፤ ከዚያ ቀን ወዲህም ከአጠገባቸው አልራቁም።

ኢንጂነር ዘርፈሽ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በሃምሳ አራት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተውልን ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከንጹሓን ጎን ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።