የግራር ውሃ እድር ድንኳን ጠባቂ የወይዘሮ አቻምየለሽ ጌታሁን የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አቻምየለሽ ጌታሁን ከአባታቸው ከአቶ ጌታሁን ያረጋልና ከእናታቸው ከወይዘሮ እንቁ አድማሱ ከቡሬ ወረድ ብላ ትገኝ በነበረችው በግራር ውሃ ሚካኤል በ1950 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀዬዋ ዛሬ ከግድቡ ውሃ በታች ናት።

በ1969 ዓ.ም. ከአቶ እንዳለው ክንፈሚካኤል ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው እንድሪያስን፣ ቴዎፍሎስንና ሰብለን ወለዱ። ፊደል የቆጠሩት ልጅ አዝለው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ዳዊት እስከ መድገምም ደርሰዋል። ቴዎፍሎስ በልጅነቱ አርፎ በሚካኤል ቅጥር ግቢ ተቀበረ።

በ1998 ዓ.ም. ለመብራት ኃይል የተሠራው ግድብ ሲሞላ ታቦቱ ወደ ኮረብታው ወጣ። ሕዝቡ ግን ከፊሉ ቡሬ፣ ከፊሉ ፍኖተ ሰላም፣ ከፊሉ ማንኩሳ ገባ። መቃብሩ ከነቴዎፍሎስ ውሃ ስር ቀረ፤ ይህ እስከ ዕለተ ሞታቸው ከአንጀታቸው አልወጣም።

ሁሉም የየከተማውን እድር ሲገባ የግራር ውሃ እድር ይፍረስ፣ ድንኳኑም ይሸጥ ተባለ። እሳቸው ግን «ውሃው የወሰደው ይበቃዋል! መቀባበራችንን ደግሞ እኛው በእጃችን እንስጠው?» ብለው ድንኳኑን ቡሬ በተከራዩት ቤት አስገቡ። ፀሐይ ሊያስመቱት ግቢያቸው የተከሉት ዕለት ጎረቤቱ ለቅሶ መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ ደረሰ፤ ቆሎ አቅርበው አስቀው ሸኙት። ከሁሉ ያማረረችው መኝታዋን ለድንኳን የለቀቀችው ሰብለ ነበረች። «እሱስ እንዳንቺ አይነጫነጭም» ይሏት ነበር።

ከዚያ ወዲህ የግራር ውሃ ሰው የትም ይረፍ፣ ወይዘሮ አቻምየለሽ ድንኳኑን በአይሱዙ ጭነው ይደርሱ ነበር። ከሽማግሌዎች ጋር ቢሮ ለቢሮ ተንከራተው በ2010 ዓ.ም. በኮረብታው ላይ የመቃብር ቦታ አስፈቀዱ። ባለቤታቸውም በ2012 ዓ.ም. አርፈው እዚያው ተቀበሩ። የግድቡ መብራት ግን በሚካኤል አናት ላይ አልፎ ይሄዳል እንጂ ለቤተ ክርስቲያኑ አንድ አምፖል አላበራም፤ እሱንም እንደጠየቁ አለፉ።

ወይዘሮ አቻምየለሽ በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በ68 ዓመታቸው አርፈዋል። ሁለት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች ትተው አልፈዋል። ዛሬ የሚያርፉበት ስፍራ ቴዎፍሎስ ያለበትን ውሃ ቁልቁል ያሳያል።

ከሦስቱም ከተማ መጥታችሁ የተቀመጣችሁበት ድንኳን ያው የእሳቸው ነው። ከሠልስት በኋላ የት ይቀመጥ ሲባል፣ ሰብለ ማንንም ሳታስጨርስ «እኔ ጋ፣ መኝታ ቤቴ» አለች።

ወገናቸውን ያለ ድንኳን ያላስቀበሩትን እናታችንን፣ መድኃኔዓለም በማይፈርሰው ድንኳኑ ያሳድርልን። አሜን።