ለሥራ አስኪያጃችን፦ በስሜ ስለተዘጋው የአራት ቁጥር ማሽን ካርድ

ለተከበሩ የልብስ ማጠቢያ ድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ የሦስተኛውን ፎቅ ደረጃ ወጥቶ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንደምን ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ ደህና ነው ወይ? ከሁሉ በላይ የሁለት እጅዎ አሥሩም ጣቶች በየቦታቸው እንዲቆዩልዎ ዘወትር እለምናለሁ፤ ለምን ጣት ላይ እንዳተኮርኩ በኋላ እደርስበታለሁ። እኔ በበኩሌ ደህና ነኝ። ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ከምድር ቤት ሆኜ ማሽኖቻችሁን የምጠግን መካኒክ ነኝ፤ አምና የመኪናዎ በር አልከፈት ብሎ አላፊ አግዳሚው ሲያይዎት በአንድ ሽቦ የከፈትኩልዎ ሽማግሌ።

ይህን ደብዳቤ እኔ እየተናገርኩ የምትጽፈው ምራቴ ናት። «ይቺ ቃል ትንሽ ትለስልስ» ብላ ለምናኝ እንቢ ብያታለሁና፣ ማሩም ሬቱም የእኔ ነው፤ በእሷ አይፍረዱ። ፊደል አለመቁጠሬን ደብቄ አላውቅም። ማሽን የሚነበበው በጆሮ ነው፤ ኩሽኔታ ሊበላ ሲል ከሳምንት በፊት ይነግረኛል፣ ቺንጋ ሊበጠስ ሲል ያፏጭልኛል። እስካሁን አንዱም ማሽን ዋሽቶኝ አያውቅም።

አንደኛ፤ ስለ አዲሱ የቡድን ሥራ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር የተሰማኝን ልባዊ ምስጋና ላቅርብ። ሁለት ቀን ሙሉ ማሽን አስቁመው፣ አጣቢውንም ተኳሹንም አዳራሽ ሰብስበው አሠለጠኑን። አሠልጣኙ እጁ የሕፃን ገላ የመሰለ፣ አንደበቱም የለሰለሰ ጎልማሳ ነበር። ከእንግዲህ ሥራ ሁሉ ካርድ እንደሚባል፣ ካርዱ ከግራ «የሚሠራ» ከሚለው ሥር ተነሥቶ፣ መሐል «በመሠራት ላይ» ከሚለው አርፎ፣ ወደ ቀኝ «ያለቀ» ወደሚለው እንደሚጓዝ፣ ከቀኑ ያለፈ ካርድ እንደሚቀላ፣ ያለቀ እንደሚለመልም አስረዳን። ደግሞ በዚህ ሰሌዳ ላይ አለቃ ጭፍራ የለም፣ ማንም ለማንም ሥራ መስጠት ይችላል አለን፤ ይህን በደንብ ያዝኩለት። ለልምምድም እያንዳንዳችን «ውሃ መጠጣት» የሚል ካርድ ተከፍቶልን፣ ውሃውን ጠጥተን፣ ካርዱን በጣታችን ወደ ቀኝ ገፋን። አዳራሹ አጨበጨበልን። በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎቴ የተጨበጨበልኝ ያን ዕለት ብቻ ነው፣ እሱም ውሃ በመጠጣቴ።

እጄን አውጥቼ «አለቀ የተባለው ሥራ ማለቁን ማን አየው?» ብዬ ጠየቅኩ። «ሲስተሙ ይመዘግበዋል፣ አባቴ» አለኝ። «መመዝገቡን መቼ ጠየቅኩህ ልጄ፣ ማየቱን ነው እንጂ» ስለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እርስዎም ከፊተኛው ወንበር ዞር ብለው ሳቁ። ጥርስዎ ያምራል፣ ያኔ ሳልነግርዎ ቀረሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ሚስጥር ቁጥሩ። ከሠራተኛው መሐል ማንበብ የማንችል ስድስት ነን። ይህ እንቅፋት እንዳይሆንብን ብለው፣ የስድስታችንም መግቢያ በፈረቃ አስተባባሪው ቢሮ እንዲሆን አደረጉልን፤ እኛ በአፍ እንናገራለን፣ እሱ በስማችን ይጽፋል። የስድስታችንም ሚስጥር ቁጥር አንድ ነው፤ በቢጫ ወረቀት ተጽፎ ኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። ኋላ እንደሰማሁት ደግሞ የእርስዎም በዚያው ወረቀት ላይ ነው፤ እኛ ማንበብ ስለማንችል፣ እርስዎ ጊዜ ስለሌለዎ፣ ሰባት ሆነን በአንድ ቁጥር እንገባለን። ከክቡርነትዎ ጋር በአንድ መዝገብ መቆጠሬ ያኮራኛል። ነገር ግን ምላሴን ከአፌ አውጥተው ለሌላ ሰው ሲሰጡብኝ፣ ቢያንስ ቁልፉን ለእኔ ሊተዉልኝ ይገባ ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ ምስማሮቹ። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት፣ አሁን የካርዱን ሰሌዳ የሚያሳየው ያ መስኮት የሚያህል ቴሌቪዥን በተሰቀለበት ግድግዳ ላይ አሥራ ሁለት ምስማሮች ነበሩ። በእያንዳንዱ ምስማር ላይ የአንድ ሰው የናስ ምልክት ይንጠለጠላል። የእኔ ናስ ላይ ሦስት ነጥብ ተመትቶበታል፤ ፊደል አያስፈልገውም። አንድ ማሽን ሲታመምብኝ ናሴን ከምስማሩ አንሥቼ በማሽኑ ዋና ማብሪያ ላይ እሰቅለዋለሁ። ያን ናስ ያየ ሰው ማሽኑን አይነካም። ሕጉ አጭር ነበር፤ የሰቀለ ያወርዳል፣ ሌላ ማንም አያወርድም። አለቃም ቢሆን፣ ሥራ ቢቆለልም፣ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ቢሳደብም።

አንድ ጊዜ ናሴን ሰቅዬ ወጥቼ ወባ ጣለኝ። ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሥራ አስኪያጅ ሦስት ቀን ጠበቁኝ፤ በአራተኛው ቀን ቤቴ ድረስ መኪና ልከው፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ መጥቼ፣ የጠገንኩትን አይቼ፣ ናሴን በገዛ እጄ አውርጄ፣ በዚያው መኪና ወደ አልጋዬ ተመለስኩ። ሰውየው ጩኸታምና ቁጡ ነበሩ፣ አልዋሽልዎትም፤ ናስ ግን አልነኩም። እርስዎ ጨዋ ነዎት፣ ድምፅዎንም ከፍ አድርገው አያውቁም፤ ምስማሮቹን ግን ለቴሌቪዥኑ ቦታ ነቀሉ፣ ናሶቹንም በካርቶን አስጠቀለሉ። እኔ የራሴን በኪሴ ይዤ ቀረሁ። ልማድ ነው፣ ይቅርታዎን።

አራተኛውን እንደ ምንም እናገረዋለሁ።

አራት ቁጥር ማሽን የበሩ መቆለፊያ ላልቶ ነበር። ማሽኑ ልብሱን ጨምቆ ሳይቆም፣ የውስጡ በርሜል ገና እየተሽከረከረ በሩ ይከፈታል። ሐሙስ ዕለት አገኘሁት። ለአስተባባሪው ነገርኩት፣ ካርድ ከፈተልኝ። እኔም እንደ ጥንቱ ናሴን ዋናው ማብሪያ ላይ በሽቦ አሠርኩት። አርብ አለፈ፣ ቅዳሜ አለፈ፣ ካርዱ ቀላ። ሰኞ ከማለዳ ጀምሮ የዚያኑ መቆለፊያ መለዋወጫ ፍለጋ ከተማ ለከተማ ስዞር፣ ድርጅታችን ትልልቅ እንግዶች ይቀበል ነበር፤ ሶፍትዌሩ እንዴት እንዳሠለጠነን ሊያዩ የመጡ። ለእነሱ ክብር ሲባል በየማብሪያው የተንጠለጠለ ዝባዝንኬ ይነሣ ተባለ፣ ናሴም ከዝባዝንኬው ጋር ተነሥቶ ካርቶን ውስጥ ተጣለ። በሰሌዳው ላይ ደግሞ ዘጠኝ ቀይ ካርድ ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ዘጠኙም ለመለሙ። በእኔ ስም ባለው ካርድ ሥር «ታይቷል፣ ደህና ነው» የሚል ጽሑፍ ተጨመረ።

በዚያ ማሽን ላይ የምትሠራውን ሴት ያውቋት እንደሆነ አላውቅም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተናል። እኔ «እታለም» እላታለሁ፣ እሷ «ወንድምዓለም» ትለኛለች፤ አንድ እናት አልወለደችንም፣ ግን ልጇን ስትድር የወንድሟን ወንበር የሞላሁት እኔ ነኝ። ሰኞ ዕለት «አራት ቁጥርን አስነሺ» ስትባል መጀመሪያ እንቢ አለች። «ወንድምዓለም ሳያወርድ አልነካም» አለች። ናሱ የለም፣ አሏት። ሰሌዳውን አሳዩዋት፣ ስሜን አነበቡላት፣ «ታይቷል፣ ደህና ነው» የሚለውንም አነበቡላት። «እሱ ካለማ ደህና ነው» ብላ አስነሣችው። ጨምቆ የጨረሰ መስሏት በሩን ሳበች፣ በሩም ተከፈተላት፣ እጇንም አስገባች። የቀኝ እጇ ሦስት ጣቶች።

አስተባባሪው ማታ ሳይደርስ ቤቴ መጥቶ ደጃፌ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። «ጋሼ፣ ሰኞ ጠዋት አንድም ቀይ እንዳላይ ብለውኝ ነው፤ ሲስተሙ ደግሞ ካለባለቤቱ ስም አልዘጋም አለኝ» አለኝ። እንዲያባርሩት አይደለም የምነግርዎ፤ የልጆች አባት ነው፣ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ክቡርነትዎ ቀይ እንዳላይ አሉ፣ አላዩም። ቀዩን ያየችው እሷ ናት።

ከዚያ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ለዚህም አመሰግናለሁ፣ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ሲባል እሰማ ነበር እንጂ ወንበርና ማህተም ኖሮት አይቼ አላውቅም። «በካርዱ ላይ ያለው ስም ያንተ ነው?» አሉኝ። «ስሙ የእኔ ነው» አልኩ። «አምኗል» ብለው ጻፉ። በዚያ ሰዓት መለዋወጫ ሱቅ እንደነበርኩ፣ ባለሱቁ ምስክሬ እንደሆነ ነገርኳቸው፤ «ሲስተም አይዋሽም» አሉኝ። «እኔ እኮ መጻፍ አልችልም» አልኳቸው፤ ይህማ የሥልጠና ክፍተት ነው ተባለ። መጨረሻ ላይ በአውራ ጣቴ አስፈረሙኝ፣ ጣት የተረፈልኝ እኔ ስለነበርኩ። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ የሚለውም ደብዳቤ ደርሶኛል። ወረቀቱ ወፍራምና ጥሩ ነው፤ የሚንገዳገደውን የጠረጴዛዬን እግር ደግፌበታለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ማስጠንቀቂያው አላሳመመኝም። ያሳመመኝን ልንገርዎ። ሆስፒታል ልጠይቃት ሄድኩ። ብርቱካን ገዝቼ፤ ሽማግሌ ሲሞኝ እንዲህ ነው፣ በየትኛው እጇ ትልጠዋለች ብዬ አላሰብኩም። አልጋዋ መስኮቱ ሥር ነው። ስታየኝ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «አላልኩም እኮ እታለም፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት» አልኳት። «ስምህን አነበቡልኝ» አለች፣ ሳትዞር። «አንተ ካልከው ብዬ እኮ ነው።» ብርቱካኑን አንድ በአንድ ልጬ ጨረስኩ፣ ሰሃን ላይ ደረደርኩላት፣ አንዲት ቁራጭ አላነሣችም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጠዋት ወደ ቀኝ ተገፍቶ አለቀ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእኔው ገና ከነሕይወቴ እዚያ ሰሌዳ ላይ ለምልሞ ውሎ ያድራል። እኔ ብመላለስ አታምነኝም፣ በእሷም አልፈርድም፤ የድርጅቱ አፍ ያነበበላትን የድርጅቱ አፍ ነው ማፍረስ ያለበት። ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ማስጠንቀቂያው ይነሣልኝ አላልኩም፣ ሶፍትዌሩም ይጥፋ አላልኩም፤ ለሚያነብና ለሚያይ ሰው ጠቃሚ ዕቃ ሳይሆን አይቀርም። እርስዎ ራስዎ፣ ሰው ሳይወክሉ፣ ደብዳቤ ሳይልኩ፣ ሆስፒታሉ ድረስ ሄደው አልጋዋ አጠገብ ይቀመጡ። «ወንድምሽ አላለም፣ በስሙ ያስባልኩት እኔ ነኝ» ይበሏት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የእርስዎ ግን በአፍ ይታሻል፣ ዕድለኛ ነዎት።

አራት ቁጥርን በተመለከተ፣ መቆለፊያውን በአደጋው ማግስት ለውጫለሁ። ማሽኑ ታይቷል፣ ደህና ነው፤ አሁን የምለው እኔ ነኝ። ናሴን ግን ከካርቶኑ ሥር ፈልጌ አግኝቼ ማብሪያው ላይ መልሼ ሰቅየዋለሁ፣ እዚያው ነው። ማሽኑ ቆሞ ሥራ እንደተቆለለ አውቃለሁ። ሥራ ስላቆምክ ትባረራለህ የሚሉኝም አሉ፤ ይሁን። እሷ ፊቷን ከግድግዳ ያዞረች ዕለት መጥቼ በገዛ እጄ አወርደዋለሁ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልዬም ቢሆን።

ከሦስተኛው ፎቅ እስከ ምድር ቤት ያለው ደረጃ እንዳያደክምዎ፣ ቀይ ቀለም ዓይንዎን እንዳይወጋዎ፣ በስምዎ ሌላ ሰው እንዳይናገርብዎ እየተመኘሁ፣ የማይሳሳተው ሲስተምዎ የተሳሳተበት ታማኝ አገልጋይ ነኝ።

ሦስት ነጥብ ያለበት ናስ ባለቤት፣
የምድር ቤቱ መካኒክ

(በጣት ተፈርሟል፤ በራሴ ጣት)

ግልባጭ፦
ለሠራተኞች በሙሉ፣ በዋናው በር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፤ ይኼኛው ሰሌዳ ወረቀቱን ሳይቀድዱ አይለመልምም።

ሳልረሳው፤ ማንም ለማንም ሥራ መስጠት ይችላል ባሉን መሠረት፣ ባለፈው ሐሙስ አስተባባሪውን ለምኜ በክቡርነትዎ ስም አንድ ካርድ አስከፍቻለሁ። «ሆስፒታል ሄዶ እውነቱን መናገር» ይላል። ዛሬ ጠዋት ቀልቷል አሉኝ። ቢጫው ወረቀት እንደሆነ እዚያው እንደተለጠፈ ነው፤ ብፈልግ በስምዎ አስገብቼ «ሄደዋል፣ ተናግረዋል» አስብዬ አስዘጋልዎ ነበር፣ እንግዶችም ቢመጡ እርስዎ አያፍሩም። ግን ምን ላድርግ፣ ያላየሁትን አለቀ ማለት ሳያሠለጥኑኝ አረጀሁ።