የእማዬ ስም ያለበት ፕላስተር

ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ ወይስ አሁንም እየተቆጣሽው ነው የምትወጪው? ባለቤትሽ ጋሼስ ሳሉ ለቀቀው? የምትኖሩበት የኤል ፓሶ አቧራ መቼም ለእሱ ጠላቱ ነው። እኔ በበኩሌ ደህና ነኝ። ስኳሬን ሐኪሙ ወዶታል፣ ዓይኔ ግን ያለ ማጉያ መነጽር ሽቦ አያይም። የእማዬ የሎሚ ዛፍ ዘንድሮ ጉድ አፍርቷል። ለጎረቤት ሳድል ሳድል ሰዎቹ ሰልችቷቸው አሁን ከሩቅ ሲያዩኝ በር ይዘጋሉ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አሥራ ሰባት ቀን ሆነው። ሦስት ጊዜም ደውለሽ አላነሳሁም። ቤት ነበርኩ። ስልኩ ሲጮህ ጋራዡ ውስጥ ቆሜ እያየሁት ነበር። በስልክ ከሆነ እንደምዋሽሽ አውቃለሁ፤ ድምፅሽን ስሰማ ምላሴ ራሷ መንገድ ትቀይራለች። ስለዚህ እርሳስ ቀርጬ ተቀመጥኩ።

የጠየቅሽኝ ቀላል ነገር ነበር። የከተማችን ሙዚየም በፋብሪካው ውስጥ የጊታር አምፕሊፋየር ሲገጣጥሙ ለኖሩት ሴቶች አንድ ክፍል ሊከፍት ነው፣ አንቺም የእማዬን ሥራ፣ ያንቺን አምፕ፣ ልታውሺያቸው ቃል ገብተሻል። “አምፑን ከፍተህ ስሟ ያለበትን ፕላስተር አቧራውን ጥረግልኝ፣ በወሩ መጨረሻ ሐሙስ መጥተው ይወስዱታል” ነው ያልሺኝ። እታለም፣ እንዳይወስዱት። ያ ፕላስተር የእማዬ አይደለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት።

ይኸው ወጣልኝ። ከዚህ በኋላ ያለውን ከፈለግሽ አንብቢው፣ ካልፈለግሽም እፈርድብሻለሁ ማለት አይደለም።

አሥራ አምስተኛ ዓመትሽ እንደ ወጋችን ሲከበር እንደ ሌሎቹ ልጃገረዶች ነጭ ቀሚስ አላማረሽም፤ አምፕ ነው የፈለግሽው። እማዬም አለቃዋን ለምና በገዛ እጇ ሽቦውን የዘረጋችውን አምፕ ገዛችልሽ። ሴቶቹ አንዱን ሠርተው ሲጨርሱ በቁራጭ የወረቀት ፕላስተር ላይ ስማቸውን ጽፈው ውስጡ እንደሚለጥፉ ታውቂያለሽ፤ ብልሽት ከተገኘ ወደ ማን እንደሚመለስ እንዲታወቅ ነው። እማዬ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ አንድ እንኳ እንዳልተመለሰባት ስትናገር አገጯ ከፍ ይል ነበር። አንቺ አግብተሽ ስትሄጂ እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከመኪናው መስኮት አንገትሽን አውጥተሽ “አምፑን አደራ፣ እንዳትነካካው” አልሺኝ። እኔም እንደ ትልቅ ሰው ደረቴን መታሁ።

አሥራ ስምንት ዓመት አልነካሁትም። ከዚያ የቅዳሜው ጨዋታችን መጣ። ኔቶን ታውቂዋለሽ፣ ጎማ የሚሸጠውን። እሱና ሌሎች ሁለት ሦስት ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዤ ይመጣሉ፣ አሮጌ አምፕ ከፍተን አንዱን ዕቃ በሌላ እንተካለን፣ ጊታር ሰክተን እንሞክረዋለን፣ እንከራከራለን። በዚያ ዘመን ሁላችንም የምንፈልገው የሚያጓራ ድምፅ ነበር፤ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ። ያንቺ አምፕ ግን ጥርት ያለ፣ ጨዋ ድምፅ ነበረው። አንድ ቅዳሜ ኔቶ ሁለት ዜማ መታበትና፣ “ይሄማ የሰርግ አምፕ ነው። አሮጊቶች እያንቀላፉ የሚሰሙት” አለ። ሳቁብኝ። ነደደኝ። ያንቺ ዕቃ መሆኑን ረስቼ የኔ ስም የተሰደበ መሰለኝ።

በሁለት ሳምንት ሆዱን ዘረገፍኩት። ሲሞቁ የሚበሩትን የመስታወት ቱቦዎች ብቻ አስቀርቼ ድምፅ የሚያልፍበትን ሁሉ አወጣሁ፤ ኮንደንሰሮቹን፣ በጨርቅ የተሸፈኑትን ሽቦዎች፣ የተበየዱበትን ሰሌዳ ጭምር። ለአንድ ተጨማሪ ማዞሪያ ብዬ ፊቱን በመሰርሰሪያ በሳሁት። ፕላስተሩ ደርቆ ስለነበር ሲነካ ተፈረፈረ፣ በመጥረጊያ ጠረግኩት። የእማዬ ሽቦዎች በቡና ጣሳ ውስጥ ሁለት ቀን ተቀመጡ፣ ማክሰኞ ከቆሻሻው ጋር ሄዱ። አምፑ አጓራ። ኔቶ አጨበጨበ። እኔም ተኮፈስኩ። እታለም፣ ሌባ እንኳ የሰረቀው ነገር ዋጋ እንዳለው ያውቃል። እኔ ቆሻሻ መስሎኝ ነው የጣልኩት።

ከዚያ ለገና ልትመጪ ነው ተባለ፣ እማዬም አምፑን እንድትጫወቺበት ትጠብቃለች። ያኔ ነው ያደረግኩት ነገር የገባኝ። ሦስት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ ወደ ቀድሞው መለስኩት፤ የፋብሪካውን ንድፍ አገኘሁ፣ የዚያን ዘመን ዕቃ ከየቦታው ለቀምኩ፣ የተበሳውን ፊት ቀየርኩ። ተጠንቅቄ ነው የሠራሁት፣ በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ አላውቅም። የቀረኝ ፕላስተሩ ነበር። አዲስ ፕላስተር ሻይ ውስጥ ነክሬ አደረቅኩ። የእማዬን የልደት ካርዶች ዘርግቼ “ኦቲልያ” የሚለውን አርባ ጊዜ ያህል ተለማመድኩና ጻፍኩት።

መጣሽ። ክፈትልኝ አልሺኝ። ከፈትኩልሽ። ፕላስተሩን አይተሽ አለቀስሽ፣ ጎንበስ ብለሽም ሳምሽው። እኛ አምፕ ተከፍቶ ኤሌክትሪክ እያለበት ስንሠራ አንድ እጃችንን ኪሳችን እንከታለን፤ ንዝረቱ ከእጅ ወደ እጅ በልብ በኩል እንዳያልፍ ነው። ያን ቀን አምፑ ከሶኬት ተነቅሎ ነበር። እኔ ግን አንቺ እስክትጨርሺ ድረስ እጄን ከኪሴ አላወጣሁም። እስከ ዛሬ ስበላም፣ ጸሎት ቤት ስቀመጥም፣ ያ ጎንበስ ማለትሽ ይታየኛል። ያንቺ እንባ በኔ ሻይ ላይ ነው የወረደው።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ እስከ መቃብር ይዤው እሄድ ነበር። ሌላም አለ።

እማዬ ከማለፏ በፊት በነበረው ክረምት ዓይኗ እየደከመ ሲመጣ ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ውስጥ ወንበር አወጣላትና ስሠራ ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን “የእህትህን ክፈትልኝ” አለችኝ። ነቀልኩት፣ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ አፈሰስኩ፣ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ፕላስተሩን አልፈለገችም። ጣቷን ብየዳዎቹ ላይ አንድ በአንድ አሳለፈች፤ መቁጠሪያ የምትቆጥር ይመስል ነበር። ከዚያ፣ “ይሄን የሠራ ሰው እጁ ጥሩ ነው። ብቻ ይፈራል፤ የብየዳውን እርሳስ ያበዛል” አለች። እኔም “እማዬ፣ አንቺ እኮ ነሽ የሠራሽው” አልኳት። ፊቷን እያየሁ። እሷ ፈገግ አለች። ጣቷ ወደ ፊት ለፊቱ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፣ ቆየም። “ይቺን ግን አትንካት፣ እሺ?” አለችኝ። ኤሌክትሪክ ይይዘዋል ብላ የፈራችልኝ መስሎኝ “እሺ” አልኩና ሻይ ላፈላላት ገባሁ። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት።

አሁን ባለፈው ሳምንት ኔቶ ከአንድ የሚዘጋ ቤተ ክርስቲያን አሮጌ አምፕ ገዝቶ አመጣ፤ ያጉረመርማል፣ እየው ብሎኝ ምሳ ሊገዛ ወጣ። ከፈትኩት። ውስጡ ቡኒ ፕላስተር አለ፣ ላዩ ላይ “ኦቲልያ” ይላል። ጽሕፈቱ እኔ ከጻፍኩት ይበልጥ የተወላገደ ነው። እውነተኛው ከሐሰተኛው አስቀያሚ ነበር። ከዚያ ሽቦዎቹን አየሁ። እኔ ሽቦን በየዕቃው እግር ላይ የምጠመዝዘው ወደ ቀኝ ነው፣ የማውቀው ሰው ሁሉም እንደዚያው ነው። እነዚህ በሙሉ ወደ ግራ የዞሩ ናቸው። አንድ እንኳ አልተሳሳተም።

ለአሮጊቷ ዶኛ ኩካ ደወልኩላት፣ ፋብሪካ ውስጥ ከእማዬ ጎን ትቀመጥ ለነበረችው። ገና ሳልጨርስ ሳቀች። “ግራኟ ኦቲልያ ናታ! ክርኗ ክርኔን እየጎሸመ አሥራ ሰባት ዓመት ገፋሁ እኮ” አለችኝ። እኛ ቤት በቀኟ ነው የምትበላው፣ በቀኟ ነው የምትጽፈው ስላት፣ “እቤትማ ምን ብላ ትነግራችሁ? ልጅ ሆና የትምህርት ቤቱ መነኮሳት ግራ እጇን በማስመሪያ እየቀጠቀጡ ነው ያስተዉአት። ታፍር ነበር። ፋብሪካ ውስጥ ግን ሥራው ካማረ የትኛው እጅ እንደሠራው ማን ያያል?” አለች።

አንቺ በግራሽ ስትበዪ ጎረቤት ሲስቅብሽ፣ ጊታሩን ገልብጠሽ ስትይዢ አባባ ሲቆጣ፣ እማዬ “ተዉአት” ብላ የምትነሳውን አስታወስኩ። ማንን እንደወጣሽ ሁላችንም ግራ ይገባን ነበር።

አሁን ደግሞ የመጨረሻውን ኃጢአቴን ልንገርሽ። ስልኩን እንደዘጋሁ ስለት አነሳሁ። ሙዚየሙ ሐሙስ ይመጣል፣ ኔቶ ውስጡን አላየም፣ እውነተኛው ፕላስተር እጄ ላይ ነው። ልጬ ያንቺው ውስጥ ብለጥፈው ማንም አያውቅም፣ አንቺም ዳግመኛ አታለቅሺም። ጥጉን አነሳሁት። እንደ ደረቅ ቅጠል ድምፅ አሰማ። ያኔ ያቺ የጠረግኳት ፍርፋሪ ትዝ አለችኝና ስለቱን አስቀመጥኩ። ጨዋ ስለሆንኩ እንዳይመስልሽ፤ እንዳልቀደው ፈርቼ ነው።

ኔቶ ምሳውን ይዞ ሲገባ ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ “የሰርግ አምፕ ያልኩህ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲቆጠቁጥህ ነበር?” አለኝ። ከዚያ መሳቁን ተወ። “አንተ ሰውዬ፣ እናትህን እኮ እንደ ጎማ ነው የቀየርካት” አለ። ምግቡን አስቀምጦ ጎንበስ አለና ፕላስተሩን አነበበ። በመጨረሻ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና፣ “ለሙዚየሙ ይሄኛውን ስጧቸው። ብቻ ካርዱ ላይ የኔም ስም ይግባ፣ በደቃቁም ቢሆን” አለ። ስለዚህ እታለም፣ ሐሙስ የሚወስዱት የኔቶን ነው። ቃልሽ አይታጠፍም። የሚታየውም የእማዬ እጅ ነው፣ ምንም አልተነካም፤ ማጉረምረሙንም እንዳለ ተውኩት።

ያንቺው ግን ያንቺ ነው። በፖስታ ቤት ልኬልሻለሁ፣ ከዚህ ደብዳቤ ሁለት ቀን ዘግይቶ ይደርስሻል። የጻፍኩትን ፕላስተር ልጬዋለሁ፣ ይኸው ከደብዳቤው ጋር አለ፤ አቃጥዪው ወይም የፈለግሽውን አድርጊው። በቦታው ሌላ ለጥፌ የራሴን ስም ጽፌበታለሁ። ብልሽት ከተገኘ ወደ ማን እንደሚመለስ ይታወቅ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከመላኬ በፊት የእማዬ የሆነ ነገር ተርፎ እንደሆነ ብዬ ከጥግ እስከ ጥግ በማጉያ መነጽር ፈለግሁ። ሁሉም የኔ ነው፣ ሁሉም ወደ ቀኝ። ፊት ለፊት፣ ያኔ የእማዬ ጣት በቆመበት፣ ከቀይዋ መብራት ኋላ፣ ሁለት አጫጭር ሽቦዎች አሉ። ሁለቱም ወደ ግራ ዞረዋል። ያኔ መብራቷን ያልቀየርኳት ለድምፁ የምትጨምረው ነገር ስለሌለ ነበር።

አምፑን ስትሰኪው ቱቦዎቹ እስኪሞቁ ድምፅ ለመስማት ትንሽ ትጠብቂያለሽ። መብራቷ ግን ወዲያው ትበራለች።

ጌታ ጉልበትሽን ያጠንክር፣ ቤትሽን ከክፉ ይሰውር። የእማዬ ነፍስ በሰላም ትረፍ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ስልኩ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጮህ ግን አነሳዋለሁ፣ ልትሰድቢኝም ቢሆን ደውዪ።

አደራሽን የበላው
ታናሽ ወንድምሽ