ምላጭ የሚይዝ እጅ

ጥቅምት 6
ባለቤቴ ከዛሬ ጀምሮ የምትተኛው ልጆቹ ክፍል ነው።
ልጆቹ አድገው ከወጡ ወዲህ ክፍሉ ባዶ ነበር። ጠዋት ትራሷን ይዛ ስትገባ አየኋት። ምን ሆነሽ? አልኳት። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ቅልጥሟን አሳየችኝ። በልዟል።
"ባል እንጂ በቅሎ አላገባሁም።"
ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። እኔ እንደሆነ ስራገጥ ነቅቼ አላውቅም። ሰው ያላየውን እንዴት ይመን?
ጸጉር ቤት ሥራ ገባሁ። አንዱን ጺሙን እየላጨሁ ዐይኔ ክድን አለ... ለቅጽበት ነው። ሻምበል ግን አየኝ። የጸጉር ቤቱ ባለቤት ነው፤ ወታደር ቤት ደርሶ አያውቅም፤ ስሙ የወጣለት ደንበኛውን "ቀጥ በል!" እያለ ስለሚያዝ ነው።
"አንተ፣ ማታ ማታ የት ነው የምትዘምተው?"

ጥቅምት 11
ባለቤቴ ማታ ስተኛ በስልኳ ቀርጻኛለች። አየሁት። የእግሬ አውራ ጣት ቀጥ ይላል፣ ጉልበቴ ይታጠፋል፣ ከዚያ ጸጥ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና። በገመድ የሚስበኝ ሰው ያለ ይመስላል። ፊቴ ደግሞ ሰላም ነው፤ ምንም እንደማያውቅ ሰው።
"እ?" አለችኝ።
ሐኪም ቤት እሄዳለሁ አልኳት።

ጥቅምት 19
ሐኪሟ በዕድሜ ልጄ ልትሆን ትችላለች። በእንቅልፍ ልብ የእጅና የእግር መወራጨት ነው አለች። ቀን የሚያንጎላጀኝም እሱ ነው። እንቅልፌ ሲቆራረጥ ያድራል፤ እኔ ግን አላውቀውም።
"አሁን የሚወስዱት መድኃኒት አለ?"
የጸጉር ብናኝ ያስነጥሰኛል፣ ለእሱ የአለርጂ ኪኒን እውጣለሁ አልኳት።
"እንቅልፍ የምታስይዘዋን?"
"አዎ።"
"እሷን ያቁሙ። መወራጨቱን ታባብሳለች።"
ደሜ ሲታይ የብረት ክምችቴ ዝቅ ብሏል። መጀመሪያ የብረት ኪኒን፣ በባዶ ሆድ፣ ከብርቱካን ጋር፣ ከሻይ ራቅ አድርጎ። እግርና ብረት ምን አገናኛቸው?

ታኅሣሥ 24
ብረቱ ሆዴን አደረቀ፣ እግሬን ግን በመጠኑ ነው ያበረደው። ባለቤቴ ወደ አልጋችን አልተመለሰችም።
ዛሬ ሐኪሟ ያሉትን መድኃኒቶች አንድ በአንድ አስረዳችኝ። የእሷ ምርጫ ጋባፔንቲን ነው፤ ጠዋት ሊያደነዝዝ፣ ራስ ሊያዞር ይችላል። ክሎናዜፓም እንቅልፉን ያጠነክራል እንጂ እግሩን ብዙም አያስቆምም፤ ደግሞ ይለመዳል። ፕራሚፔክሶል እግሩን ቶሎ ያሳርፋል፤ ሲቆይ ግን ሕመሙን ራሱን ሊያባብሰው ይችላል።
"ምላጭ ነው የምይዘው" አልኳት። "ሰው አንገት ላይ። ራሴ ከዞረ አለቀልኝ።"
ማዘዣ ወረቀቷን ሳበች። ከዚያ፣ "እሺ፣ ፕራሚፔክሶል እንሞክር። በትንሹ። ካዘዝኩልዎ እንዳያልፉ። የቁማር፣ የግዢ፣ ያልነበረብዎ አመል ከመጣ ቶሎ ይንገሩኝ።"
ቤት ገብቼ ስነግራት ባለቤቴ፣ "በል እንግዲህ፣ ዕቃ ከሸጥክ ኪኒኑ ነው እንዳትለኝ" አለች።

ጥር 2
ተኛሁ።

ጥር 9
ተመለሰች። ትራሷን አልጋው ላይ ወርውራ፣ "የሙከራ ጊዜ ነው" አለች።

መጋቢት 18
ዓርብ። ደንበኛዬ ዳኛው መጡ። ጡረታ ከወጡም ወዲህ ጺማቸውን ከእኔ በቀር ለማንም አይሰጡም። "እጅህ ወጣት ሆኗል" አሉኝ። ደስ አለኝ።
ማታ ግን... ቴሌቪዥን እያየሁ እግሬን አንዳች ነገር ይወርረው ጀመር። ሕመም አይደለም፣ ማሳከክም አይደለም። ካላነቃነቅኩት አላስቀምጥ አለኝ። ገና እኮ አልተኛሁም! ግማሽ ኪኒን ጨመርኩ። ተወኝ።
ለማንም አልተናገርኩም። ግማሽ ምን አላት?

ሚያዝያ 21
መድኃኒት ቤት።
"ጋሼ፣ የሚወስዱበት ቀን እኮ አልደረሰም።"
"መንገድ ልሄድ ነው።"
ሰጠኝ። የትም አልሄድም። አሁን ከቀትር በኋላ ይጀምረኛል፤ ወንበር ዙሪያ እንደ ዳንሰኛ እየተወዛወዝኩ ነው ጸጉር የምቆርጠው። ስጨምር ይተወኛል፤ በማግስቱ ቀደም ብሎ ይመጣል። ያዳነኝ ኪኒኑ አይደል? ብጨምረው እንዴት ያሳምመኛል?
ሐኪሟ ያለችው ትዝ ይለኛል። አውቃለሁ። ነገ እደውላለሁ...

ግንቦት 29
ቀኝ ክንዴ።
እግሬን ሲያደርገው የነበረው፣ ያው ነገር። ከክርኔ ጀምሮ። አልደወልኩም።

ሰኔ 5
ዓርብ። ዳኛው ወንበሩ ላይ፣ አረፋው ጉንጫቸው ላይ፣ ምላጩ ከጆሯቸው ሥር። ክንዴን ወረረው። ያዝ... ትንሽ ያዝ... ካልተዘረጋሁ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ዘረጋሁት መሰለኝ።
ደም። ብዙ አይደለም። ነጭ ፎጣ ላይ ግን ብዙ ይመስላል።
"ምን ነካህ አንተ!" ሻምበል ነው።
"ዝንብ ነው።"
ዳኛው በመስታወቱ ውስጥ ያዩ የነበረው ቁስላቸውን አይደለም፤ እጄን ነው።
"ውሸት ስሰማ ነው ያረጀሁት" አሉ፣ ቀስ ብለው። "እጅህን ምን አመመው?"
ትንሽ ወደ ታች ወረድ ብሎ ቢሆንስ? አንገት ላይ?

ሰኔ 8
ሁሉንም ለሐኪሟ ነገርኳት። የጨመርኩትን፣ መድኃኒት ቤት የዋሸሁትን። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ እሷም ገና መስማቷ ነው።
ሐኪሟ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። የፈራችው ይኸንኑ ነው፤ መድኃኒቱ ሲቆይ ሕመሙን ወደ ቀን ያመጣዋል፣ ወደ ክንድም ያወጣዋል፤ በጨመሩለት ቁጥር ይብሳል። በአንድ ጊዜ ማቆም አይቻልም። ቀስ በቀስ ይቀነሳል፤ ጎን ለጎን ጋባፔንቲን ማታ ማታ በትንሹ ይጀመራል። ብረቱም እንደገና ይለካል።
"የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብድዎታል። ከአሁኑ የባሰ።"
"ምላጭስ?"
"አይያዙ።"
"ከዚያ በኋላስ? የራስ ማዞሩ?"
"ብዙ ሰው ላይ እያደር ይለቃል። እርስዎ ላይ ምን እንደሚያደርግ ግን አላውቅም። ሐምሌ 13 ይምጡ፤ እጅዎን አይቼ እንወስናለን።"
 የቤታችን በር ላይ ስንደርስ ባለቤቴ፣
"ኪኒኑን ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ የምይዘው።"
"ልጆቹ ክፍል ልትመለሺ ነው?"
"ሄጄ ደግሞ ምን ትውጥብኝ ይሆን ብዬ ሳስብ ልደር?"
ማታ የልጃችንን የኳስ ቅልጥም መከላከያ ከሣጥን አወጣች። አድርጋው ተኛች።

ሰኔ 13
አልተኛሁም። ኮሪደሩን ስመላለስበት ነጋ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኼ ነው። ኪኒኑ የት እንዳለ አላውቅም፤ ባውቅ ኖሮ... ባለቤቴ አላሳወቀችኝም፣ ተመስገን።

ሰኔ 19
ምላጩን ለሻምበል አስረክቤያለሁ። እኔ በማሽን ብቻ እቆርጣለሁ። ጠዋት ጠዋት ራሴ ይከብደኛል፤ ደረጃ ስወርድ ግድግዳ እይዛለሁ። ትናንት ግን ክንዴ ከጠዋት እስከ ምሳ ዝም አለ። እውነት ነው ወይስ ስለተመኘሁት?
ዳኛው መጡ። ሻምበል ወንበሩን አራግፎ ጠበቃቸው። "ዳኛዬ፣ ዛሬ የእኔ ተራ ነው።"
አልተቀመጡም። ወደ እኔ ዞሩ። ሐኪሟ ያለችኝን ነገርኳቸው።
"ሐኪሟ መቼ ነው የቀጠረችህ?"
"ሐምሌ 13።"
"ምን ልትወስን?"
"ምላጭ ልያዝ ወይስ ጨርሶ ልተው።"
ጺማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። ለለቅሶ እንኳ ሳይላጩ ወጥተው የማያውቁ ሰው ናቸው።
"እንግዲያው የእኔም ጺም እስከዚያው ቀን በቀጠሮ ይቆይ።"
"ሐኪሟ ባትፈቅድስ?" አልኳቸው።
ባርኔጣቸውን አደረጉና ያልተላጨ ጺማቸውን ይዘው ወጡ።