በሳቋ የተታለልኩባት ልጅ

ኅዳር 12 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ አሶሳ

ዛሬ አሚናን እናቷ አዝላት መጣች። የስምንት ዓመት ልጅ ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት ጉሮሮዋን አሟት ስትመጣ፣ በጨው ውሃ ተጉመጥመጪ ብዬ የመለስኳት እኔ ነኝ።

ያን ቀን ጉሮሮ የታመመ ሰው የክሊኒካችንን ደጅ ሞልቶት ነበር። አብዛኛው ጉንፋን ስለሆነ በራሱ ይለቃል። ፔኒሲሊን የሚያስፈልገው ጥቂቱ ነው። ያንን ጥቂት የምንለይበት ምርመራ ግን የለንም። ክልሉ አዲስ ነው፤ ላቦራቶሪ ይመጣል እየተባለ ዓመት አለፈ። መድኃኒቱ እያለቀ ስለነበር ለባሰበት ብዬ ቆጠብኩ። አሚና ትኩሳት ነበራት፣ ግን ትስቅ ነበር። በሳቋ ተታለልኩ።

ዛሬ ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ አብጠዋል። ደረቷን ሳዳምጥ በልቧ ምት መካከል የሚነፍስ ድምፅ ሰማሁ። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፦ በፔኒሲሊን ያልታከመው የጉሮሮ ሕመም መገጣጠሚያዋንና ልቧን ጎድቷል።

እናቷ ሐዋ ከበርታ ብሔረሰብ ናት። በምትችለው አማርኛ፣ "ሐኪም፣ አንተ ጨው አለ፣ እኔ ጨው ሰጠ። ሁልቀን ሰጠ። እኔ ምን አጠፋ?" አለችኝ።

"አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አልኳት።

የገባት አይመስለኝም። እጄን ይዛ መረቀችኝ። ምነው በሰደበችኝ!

አሚናን የፔኒሲሊን መርፌ ወግቼ ወደ ሆስፒታል ላክኋቸው። የተጎዳ ልብ ግን በመርፌ እንደነበረ አይሆንም።

ከእነሱ በኋላ "ጉሮሮዬን" የሚሉ ዘጠኝ ሰዎች ገቡ። አንድ በአንድ በባትሪ አየኋቸው። የሁሉም ቀይ ነው። ሁለቱን ወጋሁ፣ ሰባቱን መለስኩ። ከሰባቱ የትኛው ታዝሎ እንደሚመጣ አላውቅም።